ሴባስቶፖል በጋይንት ሲያልፍ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ንፋስ መውጫ ሲደርስ የከተማይቱ ስም በከንቱ እንዳልወጣ ወዲያው ይረዳል። ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በዚህ ደጋ ነፋሱ ያለ ከልካይ ይመላለሳል። ዛሬ መኪና በጥቂት ሰዓት የሚያልፈውን ይህን የጋይንትን ምድርና ከርሱ ቀጥሎ ያለውን ጨጨሆን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ አልፈውበታል። ብዙዎቻችን ይህን ጉዞ የምናስታውሰው የአንድ ጀግና ንጉሥ ታሪክ አድርገን ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ በመሐንዲስ ዐይን ልንመለከተው ወደድን።

መሐንዲሶች «ከሥርዐቶች የተሠራ ሥርዐት» የሚሉት ነገር አለ። የሰዓት ጥርስ ከሰዓቱ ቢወጣ ለምንም አይረባም፤ ሁሉም የአንድ ሠሪ የእጅ ሥራ ነውና። ወደብ፣ ባቡርና ገበያ ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው የቆሙ፣ የየራሳቸው አዛዥና የየራሳቸው ዐላማ ያላቸው ናቸው። እነዚህ ሲገጣጠሙ አንዱ ለብቻው የማይችለውን ይሠራሉ፤ ሲሰናከሉም ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ከመጋጠሚያቸው ላይ ነው።

የሴባስቶፖል ነገር የተጀመረው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው። በዚያ የነበሩት ዋልድማየርና ባልንጀሮቹ በእጅ ሙያቸው የታወቁ የወንጌል መልእክተኞች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ሆኖም በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ እየሞከሩ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ አቅልጠው ሠሩ። መድፉ ያለ ሰረገላ፣ ሰረገላው ያለ መንገድ፣ መንገዱም ያለ ሠራተኛ ዋጋ የለውምና ዐፄ ቴዎድሮስ ሁሉንም ባንድነት አሰናዱ። በጥቅምት መግቢያ ገደማ ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ ድንጋዩንም ራሳቸው በእጃቸው እያነሡ፣ ገደሉን እያስቆፈሩ፣ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሰረገላውን በጠፍር እየጎተቱ፣ ዋድላንና ደላንታን አልፈው፣ የበሽሎንም ሸለቆ ተሻግረው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ።

ነገር ግን ያልተጋጠመ አንድ ሥርዐት ነበረ፤ እርሱም ገበሬው ነው። ገበሬ እርሻው፣ ጎተራው፣ ቀዬውና ደብሩ ያለው፣ በራሱ የቆመ ሥርዐት ነው። የነገሥታቱ ሠራዊት ለዘመናት የኖረው በርሱ ስንቅ ነበር። በተደጋጋሚ ዘረፋና ቃጠሎ የተማረረው የበጌምድር ገበሬ ግን ፊቱን አዞረ፤ ሠራዊቱም እየከዳ ተመናመነ። ነሐሱ ሲታዘዝ ሰው አልታዘዘም።

በዚያው ዘመን እስረኞቹን ለማስለቀቅ ከዙላ የተነሣውም የእንግሊዝ ጦር ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮች፣ ብዙ መርከቦችና ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩት። ሆኖም በመጀመሪያ ከየአገሩ የተሰበሰቡት በቅሎዎች በቂ ጠባቂና ውሃ ሳይዘጋጅላቸው ከመርከብ ተራገፉ፤ ብዙዎቹም በጥምና በበሽታ አለቁ። መርከቡም ደኅና፣ በቅሎውም ደኅና ነበረ፤ የጎደለው የሁለቱ ማያያዣ ነው። ከዚያ በኋላ የባሕሩን ውሃ በማሽን አጣሩ፤ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ የቴሌግራፍ ሽቦም ተከሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በየካቲት ወር ኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከተባሉት ከደጃዝማች ካሣ ጋራ መገናኘታቸውና እህሉን ከባላገሩ በማርያ ቴሬዛ ብር መግዛታቸው ነው። ይህን ማለታችን የመቅደላን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት የዘረፈውን ጦር ለማመስገን አይደለም፤ ትምህርት ከባላጋራም ይገኛልና ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ውጊያ በሆነ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ትላልቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ ላይ አለ።

በዛሬው ዘመን በቻይና መሐንዲሶች የተሠራው የወረታና የወልድያ መንገድ በንፋስ መውጫ ያልፋል። መንገዱ ራሱን የቻለ ሥርዐት ነው፤ ገበያው፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱም እንደዚሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሰዎች የየራሳችንን ሥራ ፈጽመን «የኔ ድርሻ አልቋል» ማለት ይቀናናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ነገር ግን ድር በትእዛዝ ብቻ አያብርም። ስለዚህ አንድ ታላቅ ሥራ ስናቅድ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፤ ያልጠየቅነው፣ ፈቃዱንም ያላገኘነው ገበሬ ማነው?