የአንድ ሳንቲ ሜትር በር
ትሮካር። የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ወደ ሆድ የሚገባበት የብረት ቱቦ፤ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር።

እ.ኤ.አ. በ1910፣ ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤየስ የሰውን ሆድ ዕቃ በቀጭን ቱቦ መመልከቱን በጽሑፍ አሳወቀ። ከማየት እስከ ማውጣት ያለው መንገድ ግን ረጅም ነበር፤ ጀርመናዊው ኤሪኽ ሙሄ የሐሞት ከረጢት በዚህ ዘዴ ያወጣው በ1985 ነው።

ከረጢቱ በክፍት ቀዶ ሕክምና ሲወጣ ከጎድን አጥንት ሥር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀደዳል፤ ጡንቻም ይቆረጣል። ታካሚው ማሳል ይፈራል፣ ለቀናት ይተኛል፣ ከባድ ነገር ለማንሳት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠብቃል። በስፌቱ በኩል ቡአ ሊወጣበትም ይችላል። በትሮካር የተሠራለት አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ቤቱ ይገባል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሥራው ላይ ነው። ትከሻውን ቢያመው አይደንግጥ፤ ሆዱ የተነፋበት ጋዝ ነው። በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ልዩነቱ የወር ቀለብ ነው።

ደም ከበዛ ወይም እይታ ከተጋረደ ግን ሐኪሙ ሆዱን ይከፍታል፤ ደግም ያደርጋል።

በየትኛውም መንገድ ቢሠራልዎ፣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።