ጋዜጣችን በእጅ ስለ ተጻፈ አያንስም
(ስለ አማርኛ ጋዜጣ አጀማመርና ስለ ወሬ ምንጭ አጭር የታሪክ ሐተታ)



«ማተሚያ መኪና የሌለው ጋዜጣ ምን ጋዜጣ ነው?» የሚል ነቀፌታ በሰፈራችን አልፎ አልፎ ይሰማል። ለዚህ መልሱ ያለው በታሪካችን ውስጥ ነው። የአማርኛ ጋዜጣ የተወለደው ከእርሳስ ፊደል ሳይሆን ከብዕር ነው። ከዚህም በላይ የአንድ ጋዜጣ ዋጋ የሚለካው በምን መሣሪያ እንደ ተጻፈ ሳይሆን ወሬው ከማን አፍ እንደ ተገኘ ነው።

ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት ወሬ በአገራችን በሁለት መንገድ ይሄድ ነበር። አንደኛው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ነጋሪት ተጎስሞ በገበያ አዋጅ ይነገራል፣ በቤተ መንግሥትም ዜና መዋዕል ይጻፋል። ሁለተኛው ከታች ወደ ላይ ነው፤ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ የፈለገ ገዥ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በአዋጅ የማይነገረው ነገር በእረኛው ግጥምና በአዝማሪው ቅኔ ይነገር ነበርና።

በ1890ዎቹ ዓመታት (ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) የሐማሴኑ ተወላጅ ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት በአዲስ አበባ ያሰራጩ ነበር። በዚያው ዘመን አንድሬአስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ፤ ስሙንም ዳግማዊ ምኒልክ «አእምሮ» አሉት። ይህ የአገራችን የመጀመሪያ ጋዜጣ እየተባለ የሚጠራው ጽሑፍ ሲጀመር በእጅ የሚገለበጥ ሲሆን ብዛቱም 24 ቅጂ ብቻ ነበር። በኋላ ማባዣ ሲገኝ ወደ 200 ከፍ አለ። እንግዲህ የእኛን ቅጂ አነስተኛነት የሚነቅፍ ሰው ይህን ቁጥር ያስታውስ። ሆኖም «አእምሮ» ይዞር የነበረው በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ ዙሪያ ነበር፤ የእረኛው ቃል ገና አልደረሰበትም።

በር የተከፈተው «ብርሃንና ሰላም» በታኅሣሥ ወር 1917 መታተም ሲጀምር ነው። ይህም ጋዜጣ ቢሆን የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ድጋፍ የነበረው ስለሆነ ነፃ ነበር ለማለት አይቻልም። ነገር ግን አንባቢው ራሱ ጸሐፊ ሆነ። ወጣት ምሁራን ስለ ትምህርት፣ ስለ አስተዳደር፣ ስለ ባርነት መቅረት አሳባቸውን ይልኩ ነበር። ከወለጋም እንደ ብላታ ደሬሳ አመንቴ ያሉ ሰዎች ይጽፉበት ነበር። ዛሬ የዚያን ትውልድ ጭንቀትና ተስፋ ለማወቅ የሚሻ የታሪክ ተመራማሪ ወደዚያ ጋዜጣ የሚመለሰው፣ ከአዋጁ ይልቅ አንባብያን የላኳቸውን ጽሑፎች ፍለጋ ነው።

ስደትም የራሱ ጋዜጣ ነበረው። በ1932 እና በ1933 ፋሽስትን ለማስወጣት ጦርነቱ በሱዳን በኩል ሲሰናዳ፣ በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር የሚመራ ክፍል «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ በካርቱም አዘጋጀ። በዚሁ የወረራ ዘመን ወደ ኬንያ የተሻገሩ ወገኖቻችን በኢሲዮሎ፣ ኋላም በታቬታ ሰፈር ተቀምጠዋል። ስለ ጦርነቱና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ስደት የተጻፈው ብዙ ነው። በኢሲዮሎ አጥር ውስጥ ማን ልጆችን እንዳስተማረ፣ ማን ሙታንን እንደ ቀበረ የተጻፈው ግን ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እኛም ካልጻፍን ዕጣችን ያው ነው።

ከ1966 በኋላ ደግሞ «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በስቴንስል እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። በቀይ ሽብር ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት የተገኘበት ሰው ይታሰር፣ ይገደልም ነበር። የጸሐፊና የነጋሪ ስም መቼ እንደሚገለጥና መቼ እንደሚሰወር ያ ትውልድ በደም ተምሮታል።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመውን እናውጣ። ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ያሉባት ድንበር ናት፤ ወሬ ከሁለቱም ወገን ይገባል። «አገር ሰላም ሆኗል፣ መኪና ሊመጣ ነው» የሚል አንድ የገበያ ወሬ ሰምቶ ድስቱንና ብርድ ልብሱን የሚሸጥ ቤተሰብ ይኖራል። «ራሽን ሊቋረጥ ነው» ሲባልም ለክፉ ቀን ያኖረውን የሚበትን አለ። ስለዚህ ለዚህች ወረቀት ወሬ የሚያመጣ ሁሉ የሚከተለውን ቢጠብቅ መልካም ነው።

አንደኛ፤ ያየውንና የሰማውን ይለይ። «አየሁ» እና «አሉ» በአንድ ዓረፍተ ነገር አይደባለቁ።

ሁለተኛ፤ ከሁለት ወገን ይጠይቅ። ስለ መንገዱ ከወዲያ የመጣውን ሾፌር ከጠየቀ፣ በወዲህ ገበያ የተቀመጠችውን ነጋዴም ይጠይቅ።

ሦስተኛ፤ ጊዜውን ያረጋግጥ። ዓመተ ምሕረት የማያውቅ ሽማግሌ ታሪክ አያውቅም ማለት አይደለም። የቦረና አባቶች ዘመን የሚቆጥሩት በአባ ገዳ ነው፤ አንዱ አባ ገዳ 8 ዓመት ይቆያል። «በማን ገዳ ጊዜ ነበር?» ብሎ የጠየቀ፣ ከብዙ መዝገብ የተሻለ መልስ ያገኛል።

አራተኛ፤ የነጋሪውን ማንነት አዘጋጁ ይወቅ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ያለ ፈቃዱ አይውጣ። በአገር ቤት እናት፣ ወንድም፣ ልጅ የቀረው ሰው ብዙ ነው። ምንጩን ሳያውቁ መጻፍ ወሬ መንዛት ነው፤ የሚጎዳውን ሰው ስም ማውጣት ደግሞ አሳልፎ መስጠት ነው። በሁለቱ መካከል መሄድ የአዘጋጅ ሥራ ነው።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ለሚቀጥለው እትም የምንፈልገው ታላቅ ነገር አይደለም። በየት በኩል ተሻገራችሁ? በመንገድ ውኃ ማን ሰጣችሁ? እዚህ ስትደርሱ የመጀመሪያውን ትምህርት ልጆቻችሁ ከየትኛው ዛፍ ሥር ተማሩ? መጻፍ የሚችል ይጻፍ፤ የማይችል ይናገር፣ እኛ እንጽፍለታለን፤ ጽፈንም መልሰን እናነብለታለን፣ ያልተናገረው ገብቶ እንደሆነ እንዲያርመን።

ይህችን ቅጂ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አሳልፉ። ማንበብ ለማይችሉትም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።