ዕፅ ይዞ የመገኘት ክስ (አሜሪካ)

የተከለከለ ዕፅን እያወቁ በኪስ ወይም በሚያዙበት ስፍራ በማኖር የሚመሠረት የወንጀል ክስ ነው። ዕፁ በጋራ መኪና ወይም ቤት ውስጥ ከተገኘ፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ ዕፁ መኖሩን ማወቁንና ሊያዝበት መቻሉን ማስረዳት አለበት፤ ብዙው ሙግት የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በሕገ ወጥ ፍተሻ የተገኘ ማስረጃም ውድቅ ሊደረግ ይችላል።

ከኢትዮጵያ ለሄደ ሰው አደናጋሪው ጫት ነው። አወዳይ ከተማ ላይ በአደባባይ የሚሸጠው ቅጠል የያዘው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ይገኛል።

የአሜሪካ ዜግነት ለሌለው ሰው ደግሞ ከእስሩ ይልቅ ከአገር መባረሩ ይብሳል። ለራስ መጠቀሚያ አንድ ጊዜ ብቻ ከተያዘ እስከ 30 ግራም ማሪዋና በቀር፣ የዕፅ ጥፋተኝነት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ለመባረር ይዳርጋል። ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በፓዲላ ጉዳይ ወስኗል። በከባድ ወንጀል ተከሶ ጠበቃ መቅጠር ላልቻለ፣ በ1963ቱ የጊዲዮን ውሳኔ መሠረት መንግሥት ያቆምለታል። የተመደበውም ሆነ የተቀጠረው ጠበቃ የኢሚግሬሽን ሕግ ማወቁን ወይም የሚያውቅ ባለሙያ ማማከሩን፣ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለትዎ በፊት ይጠይቁ።