መስተዋትና ካሜራ

መሣሪያ የሚወለደው ከችግር ነው፤ ችግሩ በሌላ መንገድ የተፈታ ዕለት ግን መሣሪያው ራሱ ሸክም ሊሆን ይችላል። በፎቶግራፍ ካሜራ ውስጥ የምትገኘው ትንሽ መስተዋት ታሪክ ይህን ያስረዳናል። ዛሬ ካሜራ የሚገዛ ሁሉ «ባለመስተዋቱን ዲኤስኤልአር ልያዝ ወይስ መስተዋት አልባውን ሚረርለስ?» እያለ ስለሚጠይቅ፣ መልሱን ከታሪኩ ልንፈልግለት ወደድን። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቀድሞው ፎቶግራፍ አንሺ ችግር ዓይኑ የሚያየውና ፊልሙ የሚቀበለው አንድ አለመሆናቸው ነበር። በ1925 ለገበያ የቀረበችው የጀርመን ላይካ ትንሽና ቀላል ብትሆንም፣ መመልከቻዋ ከሌንሷ የተለየ ስለ ነበረ በቅርብ ያለውን ነገር አስተካክሎ ለማንሣት ታስቸግር ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ሰተን ግን ቀደም ብሎ በ1861 ከሌንሱ በስተኋላ መስተዋት አቁሞ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚመልስ ካሜራ በስሙ አስመዝግቦ ነበር። ይኸው አሳብ በ1936 በድሬስደን ከተማ በተሠራው ኪኔ ኤግዛክታ አማካይነት ለ35 ሚሊሜትር ፊልም ዋለ። ሆኖም አንሺው አንገቱን ደፍቶ፣ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ሥዕል ማየት ግድ ሆነበት። በ1949 ኮንታክስ ኤስ ባለአምስት ማዕዘን ፕሪዝም ጨምሮ ሥዕሉን አቀናው፤ በ1954 የጃፓኑ አሳሂ ፎቶግራፉ እንደ ተነሣ ወዲያው ወደ ቦታዋ የምትመለስ መስተዋት ያለው ካሜራ አወጣ፤ በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ደግሞ ይህን ሁሉ አስተባብሮ የጋዜጠኞች መሣሪያ ሆነ።

ፊልም በሴንሰር ከተተካ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሴንሰሩ የሚቀበለውን ሥዕል በትንሽ ስክሪን ላይ ራሱ ሊያሳይ ስለሚችል መስተዋቲቱ አማላጅነቷ ቀረ። ፓናሶኒክ በ2008 ጂ1ን፣ ሶኒ በ2013 ኤ7ን አወጡ፤ ካኖንና ኒኮንም በ2018 ትልቅ ሴንሰር ያላቸውን መስተዋት አልባ ካሜራዎች ይዘው ተከተሉ።

እንግዲህ ትርፉንና ኪሳራውን እንመዝን። ባለመስተዋቱ ኒኮን ዲ850 ከነባትሪው 1,005 ግራም ሲመዝን፣ መስተዋት አልባው ዜድ7 675 ግራም ብቻ ነው። ነገር ግን በአምራቾች መለኪያ መሠረት የመጀመሪያው በአንድ ባትሪ 1,840 ፎቶግራፍ ሲያነሣ ሁለተኛው 330 ያነሣል፤ ስክሪኑ ባትሪ ይበላልና። በሌላ በኩል መስተዋት አልባው የብርሃኑን ልክ ከማንሣት በፊት ያሳያል፤ ያለ ድምፅም ይሠራል። መስተዋቲቱ ስለ ተነሣችም በሌንሱ ማቀፊያና በሴንሰሩ መካከል ያለው ርቀት ከ46.5 ወደ 16 ሚሊሜትር ስለ ወረደ፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ሌንሶች በማገናኛ አማካይነት በአዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራሉ፤ የአዲሱ ሌንስ ግን በአሮጌው ላይ አይሠራም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። ከባዶ የሚጀምርና ዐቅሙ የፈቀደለት፣ ይልቁንም ጸጥታ በሚፈለግበት ሥነ ሥርዓት ላይ የሚያነሣ፣ መስተዋት አልባውን ቢይዝ ይሻለዋል፤ አምራቾቹም አሁን የሚደክሙት ለእርሱ ነው። መብራት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የሚያስተምር መምህር ግን በርካሽ የሚሸጠውን ያገለገለ ባለመስተዋት ቢገዛ የሚያሳፍረው ነገር የለም። ባለሥልጣኖቻችንም ቢያስቡበት መልካም ነው፤ አዲስ ስም ወጣ ተብሎ ደኅናው ካሜራ መጋዘን ሲወረወር የሚባክነው የሕዝብ ገንዘብ ነው። መስተዋቲቱ ዘመኗ ቢያልፍም፣ ዐዋቂ እጅ ካገኘች ዛሬም መልካም ፎቶግራፍ ታስገኛለች።