በፎቶ የተዳረች

እዚህ ሀና ማርያም ጎረቤታችን ያለች ልጅ ልትዳር ነው። ሙሽራው አሜሪካ ነው፤ የሚተዋወቁት በስልክ ብቻ ነው። ሰፈሩ «እድለኛ ናት» ይላል። እናቷ ግን እንቅልፍ አጥተዋል።

አሜሪካኖች በዚህ ዓይነት ጋብቻ ላይ ብዙ የፍቅር ልብ ወለድ ጽፈዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወርቅና መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ የሄዱ ወንዶች በጋዜጣ ማስታወቂያና በደብዳቤ ሚስት ይፈልጉ ነበር። በልብ ወለዱ ያ የማይታወቅ ሰው ሁሌም ደግ ሆኖ ይገኛል። አንባቢውም የሚወደው ለዚህ ነው፤ ፍርሃቱን ይቀምሳል፣ ዋጋውን አይከፍልም።

ታሪክ ግን ዋስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1920 በሺህ የሚቆጠሩ ጃፓናውያን ሴቶች በፎቶ ተድረው ሃዋይና ካሊፎርኒያ ገቡ። አንዳንዶቹን ወደብ ላይ የጠበቃቸው ባል ከፎቶው እጅግ ያረጀ ነበር።

እኛም አገር ባሏን በሠርጓ ቀን ያየች ሙሽራ ብርቅ አልነበረችም። ነገር ግን ሲከፋት የምትገባበት የአባት ቤት ነበራት፤ ያጋቧትም ሽማግሌዎች ይጠየቁ ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል። ባሕር ማዶ ግን ሽማግሌም የአባት ቤትም የለም። በእጮኛ ቪዛ የገባች ሴት በ90 ቀን ውስጥ ካላገባች መመለስ አለባት።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የአሜሪካ ሕግ፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል የሚበድላት ሚስት ያለ እሱ ፈቃድ ራሷ የመኖሪያ ፈቃድ እንድታመለክት ይፈቅዳል። ለሙሽራዋ ከወርቁ በፊት ይህን እንንገራት።