ስልክ የማይሳፈርበት ባቡር

እ.ኤ.አ. በ1884 ላማርከስ ቶምፕሰን ኮኒ አይላንድ ላይ የተከለው የመዝናኛ ባቡር በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የሚጓዘው፤ ዋጋው 5 ሳንቲም። በዚያ ፍጥነት የሚበር ባርኔጣ ማንን ይጎዳል?

በፍሎሪዳው የዩኒቨርሳል መዝናኛ ፓርክ በ1999 የተከፈቱት «ዘንዶዎች» የተባሉ ሁለት ባቡሮች ግን ፊት ለፊት እየተምዘገዘጉ ለጥቂት ይተላለፉ ነበር። ከአንዱ ያመለጠ ዕቃ የሌላውን ተሳፋሪ የሚመታው በሁለቱ ፍጥነት ድምር ነው፤ ሩብ ኪሎ የማይሞላ ስልክ እንኳ ፊት ይሰብራል። በ2011 ተሳፋሪዎች በተወርዋሪ ዕቃ ሲጎዱ ሁለቱን አብሮ መልቀቅ ቀረ። እዚያው በ2016 ታድሶ የተከፈተው «ሃልክ» የተባለ ባቡር ደግሞ ስልክ እንዳይሳፈር መግቢያው ላይ የብረት መፈተሻ ቆመለት። ሰልፈኛው «ቪዲዮስ?» እያለ ያጉረመርማል፤ እኔ ከፈታሾቹ ጋር ነኝ። በ2015 ኦሃዮ፣ ሴዳር ፖይንት በተባለ የመዝናኛ ፓርክ፣ የጠፋበትን ስልክ ፍለጋ ከ«ራፕተር» ሐዲድ ሥር የገባ ሰው ባቡሩ መትቶ ገድሎታል።