የካሪዮን በሽታ፦ ባርቶኔላ የታወቀበት ታሪክ

ሐኪም በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ ሁለት የማይመሳሰሉ የሕመም መልኮችን ሲመለከት፣ «እነዚህ ሁለት በሽታዎች ናቸውን ወይስ የአንድ በሽታ ሁለት ገጽታዎች?» ብሎ መጠየቁ የሙያው ግዴታ ነው። በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር ይህ ጥያቄ የአንድ ወጣት ሕይወት ተከፍሎበታል፤ የማያዳግም መልስ እስኪያገኝም አርባ ዓመት ፈጅቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንዲስ ተራሮች ሸለቆዎች የሚኖሩ ሰዎች በቆዳ ላይ እየወጣ በቀላሉ የሚደማውን ቀይ ኪንታሮት ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ስሙንም «ቬሩጋ» ይሉታል። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ወደ ላ ኦሮያ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ደግሞ፣ ሠራተኞቹ በኃይለኛ ትኩሳትና በፈጣን የደም ማነስ በብዛት አለቁ። ይህም «የኦሮያ ትኩሳት» ተባለ። ሁለቱ ሕመሞች ዝምድና እንዳላቸው የጠረጠሩ ሐኪሞች ቢኖሩም፣ ማስረጃ ያቀረበ ግን አልነበረም።

በ1857 በሴሮ ዴ ፓስኮ የተወለደው ዳንኤል አልሲደስ ካሪዮን በሊማ የሕክምና ተማሪ ነበር። ቬሩጋ በምን ምልክት እንደሚጀምር በራሱ አካል ለማወቅ ቆርጦ፣ ኦገስት 27 ቀን 1885 በዶስ ዴ ማዮ ሆስፒታል ከአንድ ታማሚ ኪንታሮት የተወሰደ ደም ወደ ክንዱ እንዲገባ አደረገ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ጀመረው። የሚሰማውን ሁሉ በየዕለቱ መዘገበ፤ እጁ ሲዝል ጓደኞቹ ጻፉለት። የመጣበት ግን የኦሮያ ትኩሳት እንጂ ኪንታሮት አልነበረም። ካሪዮንም የሁለቱን ሕመሞች ምንጭ አንድነት በራሱ ሰውነት ከተረዳ በኋላ ኦክቶበር 5 ቀን በ28 ዓመቱ አረፈ። ፔሩ ይህን ዕለት የሕክምና ቀን አድርጋ ታከብረዋለች።

የበሽታውን ተውሳክ በበሽተኞች ቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያየው ፔሩአዊው ሐኪም አልቤርቶ ባርቶን ሲሆን፣ ዝርዝር መግለጫውን በ1909 አሳተመ። በ1913 ወደ ፔሩ የተላከው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ጓድ የባርቶንን ግኝት አረጋገጠ፤ ተውሳኩም «ባርቶኔላ ባሲሊፎርሚስ» ተብሎ በስሙ ተሰየመ። ይሁን እንጂ ያው ጓድ ትኩሳቱና ኪንታሮቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው ሲል ደመደመ። የካሪዮን ምስክርነት በዚህ ስሕተት ተሸፍኖ ከቆየ በኋላ፣ ሂዴዮ ኖጉቺ በ1926 ተውሳኩን ከትኩሳት በሽተኛ ደም አራብቶ በዝንጀሮዎች ላይ ሲሞክረው ትኩሳቱንም ኪንታሮቱንም አስከተለ። እውነቱም በዚህ ተገለጠ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ እርስዋም በአገራችን ካላዛርን ከምታስተላልፈው ዝንብ ጋር የቅርብ ዘመድ ናት።

የባርቶኔላ ወገን በፔሩ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከ1915 ጀምሮ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽጎች ወታደሮችን የጣለው ትኩሳት፣ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ባርቶኔላ ክዊንታና ያመጣው ነው። ሮቤር ደብሬ በ1950 የገለጸው የድመት ጭረት በሽታም ባርቶኔላ ሄንሰሌ የሚባለው ተውሳክ ሥራ መሆኑ የታወቀው ገና በ1990ዎቹ ነው። ለዚህ ሁሉ መዘግየት ምክንያቱ የምርመራው አስቸጋሪነት ነው። የፔሩው ዓይነት በጊምዛ ቀለም በተቀባ የደም ስላይድ ላይ ሊታይ ሲችል፣ ሌሎቹ ግን በዚህ መንገድ እምብዛም አይገኙም። በላቦራቶሪ ለመራባትም ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ በተለመደው የጥቂት ቀናት ጥበቃ «ምንም አልበቀለም» ተብሎ የሚጣለው ናሙና ተውሳኩን ይዞ ሊሆን ይችላል። የልብ ቫልቭ ቁስለት ኖሮ የደም ካልቸር ባዶ ሲሆን ባርቶኔላን መጠርጠር የሚገባውም ስለዚህ ነው። ዛሬ የደም ውኃን የፀረ እንግዳ አካል ምርመራና ፒሲአር ይህን ክፍተት በከፊል ሞልተውታል።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ቅማል በአገራችን ተስቦንና ግርሻን በማስተላለፍ ከጥንት የታወቀ ጠላት ነው፤ ከ2011 ጀምሮ የታተሙ ጥናቶችም በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ ቅማሎች ውስጥ ባርቶኔላ ክዊንታናን አግኝተዋል። እንግዲህ ትኩሳት እየተመላለሰበት የደም ስላይዱ የወባንም ሆነ የግርሻን ተውሳክ ያላሳየ በሽተኛ ሲቀርብልን፣ መዝገቡን ከመዝጋታችን በፊት ልብሱንና ኑሮውን መጠየቅ ይገባናል። የሃርቫርድ ጓድ የተሟላ መሣሪያ ይዞ ተሳስቷል፤ ካሪዮን ግን ማይክሮስኮፕ ሊያሳየው ያልቻለውን በጥንቃቄ በመመዝገብ ደርሶበታል። ለሙያ ባልደረቦቻችን የተወው ውርስም ይኸው ነው፦ መሣሪያው ዝም ሲል የበሽተኛውን ታሪክ አጥብቆ ማዳመጥ።